በረካ የሌለው ስልክ! የሌሊቱ ርካሽ ጥቅል እንቅልፋችሁን በስንት ገዛው?

የዛሬው ጉዳያችን ሩቅ አይደለም። ቀን ቀን ኪሳችሁ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ማታ ትራሳችሁ ሥር ያድራል። አዎ፣ ስለ ስልክ ልንጫወት ነው። የቀኑን ስልክ ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ዛሬ የሌሊቱን እንያዝ።

ለመሆኑ ትናንት ማታ በስንት ሰዓት ተኛችሁ? «በሦስት ሰዓት!» የሚል አይጠፋም። በሦስት ሰዓት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲገፋ ያመሸ ሰው ግን ተኛ ይባላል እንዴ? ጋደም ብሎ አመሸ ቢባል ይሻላል። ጠዋት ደግሞ «ምን ሆኜ ነው ሰውነቴ እንዲህ የዛለው?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱማ ምች መታኝ፣ ዓይነ ጥላ ነው እስከ ማለት ይደርሳል!

«ይኼ የአዲስ አበባ ሰዎች ችግር ነው» የምትሉ ካላችሁ ቆም በሉ። እስቲ ወደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወደ ቢቸናና ሞጣ አካባቢ፣ ወደ መርጡለ ማርያም ጎራ እንበል። በዚያች ከተማ የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ችግራቸውን ሲያጫውቱን «ስማችንን ተዉት፣ ነገሩን ግን ጻፉት» ብለውናል። እኛም ስማቸውን ትተን ነገሩን ጻፍነው።

ሦስት ቤት፣ አንድ በሽታ

የመጀመሪያው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወላጆቹ ገጠር ናቸው። እሱ ከጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን ከቤት እያመጣ ይማራል። እናቱ እንቁላል ሸጠው ለሳሙናና ለደብተር ብለው የሚሰጡት ብር ግማሹ የሚሄደው ለኢንተርኔት ጥቅል ነው። «አንዲት የሒሳብ ጥያቄ ዩቲዩብ ላይ ልይ ብዬ ነው የምከፍተው» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን መቼም ታውቁታላችሁ። የሒሳቡ አስተማሪ ሳይጨርስ አንድ ቀልደኛ ብቅ ይላል። ከቀልደኛው ቀጥሎ ኳስ፣ ከኳሱ ቀጥሎ የማያውቃት ልጅ እስክስታ ስትወርድ... «ቀና ስል ዶሮ ይጮኻል!»

ሁለተኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሣል። «ቀኑን ሙሉ የሰው ነኝ። የተሳፋሪ ነኝ፣ የባለ ባጃጁ ነኝ፣ ማታ የልጆቼ ነኝ። የራሴ የምላት ጊዜ የምትጀምረው ሁሉም ሲተኛ ነው» ይላል። አያሳዝንም? ባለቤቱ ግን ሌላ ታሪክ አላት። «‹ኧረ አንተ ተኛ!› ስለው ‹አንዲት ብቻ› ይለኛል። ያቺ አንዲት አልቃ አታውቅም።»

ሦስተኛዋ እናት ናቸው። ሴት ልጃቸው ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ በኢሞ ነው። አንዳንዴ ማታ 5 ሰዓት፣ አንዳንዴ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። የትኛው ቀን እንደምትደውል አይታወቅም። «ደውላ ባታገኘኝ ምን ይሰማታል ብዬ ስልኩን ታቅፌ አድራለሁ። ዝም ብሎ ከማፍጠጥ ብዬ ትንሹ ልጄ ያሳየኝን ቪዲዮ አያለሁ» ይላሉ። ልጅቱ ሳትደውል ያደረችበት ሌሊትም እንቅልፍ የለም ማለት ነው።

አያችሁ? አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለዕረፍት፣ አንዷ ለናፍቆት ነው ስልኩን የሚከፍቱት። ሦስቱም ምክንያት ደህና ምክንያት ነው። ችግሩ መክፈቱ ላይ አይደለም። መዝጊያው ጠፋ!

ሌሊት መንቃትማ ለጎጃም ብርቅ ነው?

«ወጣቱ ሌሊት ማደር ለመደ» እየተባለ ሲወቀስ እንሰማለን። ኧረ ለመሆኑ ሌሊት መንቃት ለመርጡለ ማርያም ሰው አዲስ ነገር ነው እንዴ? እቴጌ እሌኒ ከ500 ዓመት በፊት ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ዛሬም በሚታይበት በዚያ ጥንታዊ ገዳም፣ በበዓል ሌሊት ማኅሌት ሲቆም ካህናቱ ያነጋሉ። የቆሎ ተማሪው ሰው ሁሉ ሲተኛ ተነሥቶ ትምህርቱን ይቀጽላል። ለቅሶ ቤት ይታደራል። ሠርግ ቤት ሲጨፈር ይነጋል። ገበሬው እህሉ ሲደርስ አውሬ እንዳይበላበት ማማ ላይ ያድራል።

ይሁንና እነዚህ ሁሉ መጨረሻ አላቸው። ማኅሌቱ በቅዳሴ ያበቃል። ሠርገኛው ይሸኛል። አዝመራው ይሰበሰባል። ሌላው ቀርቶ ቡናችንን ተመልከቱ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ! በረካ ከተጠጣ በኋላ ተመራርቀን እንነሣለን። «አራተኛ ቅጅልኝ» የሚል እንግዳ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቢያጋጥም እንኳ ጀበናው ውስጥ ያለው አተላ ነው።

ስልክ ግን በረካ የለውም! አቦል፣ ቶና፣ ቶና፣ ቶና... እስኪነጋ። ጀበናው አይደርቅም፣ የሚነሣ ሰው የለም፣ የሚመርቅም የለም።

በረካውን ማን ወሰደው?

ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ዱሮ ኢንተርኔት ላይ የሚነበብ ነገር ገጹ ሲያልቅ ያልቅ ነበር። መቀጠል የፈለገ ሰው «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረበት። እዚያች ላይ ሰው ትንፋሽ ወስዶ «ይበቃኛል» ለማለት ዕድል ያገኛል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ አዛ ራስኪን ማለቂያ የሌለውን ገጽ ሠራ። ጣት በገፋ ቁጥር ከታች ሌላ ይመጣል። ሰውየው ኋላ ላይ በዚህ ሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ምን ዋጋ አለው? ዛሬ ፌስቡኩም ቲክቶኩም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ ካልከለከሉት ቀጣዩን ቪዲዮ ሳይጠየቅ ራሱ ይከፍተዋል።

ይባስ ብሎ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኔትፍሊክስ ኩባንያ የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሪድ ሄስቲንግስ የድርጅታቸው ተፎካካሪ የሰው እንቅልፍ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ሰምታችኋል? ነጋዴው ሳይደብቅ «ገበያዬ እንቅልፋችሁ ነው» ካለ፣ እንቅልፋችንን ያለ ጠባቂ መተው የኛ ስንፍና ነው።

ሱቁም አይዘጋም

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ዱሮ ማታ ካርድ ሲያልቅባችሁ ምን ታደርጉ ነበር? ባለ ሱቁ በጊዜ ይዘጋል። ካርድ ገዝቶ፣ ፍቆ ለመሙላት እስኪነጋ መጠበቅ ግድ ነው። ባለ ሱቁ ሳያውቀው እንቅልፋችሁን ይጠብቅላችሁ ነበር! ቴሌ ብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ግን ሱቁ ትራስ ሥር ገብቷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓትም ቢሆን ብርድ ልብስ ሳይገልጡ ጥቅል መግዛት ይቻላል።

ዋጋውም ቀንሷል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም ብቻ የሞባይል ኢንተርኔትን ታሪፍ 43 በመቶ ቀንሶ ነበር። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ማንም አይጠላውም። በዚያ ላይ ለሌሊት ብቻ የሚሆን፣ ከቀኑ ረከስ ያለ ጥቅል ይሸጣል። ኪሱ የሳሳ ሰው «ቀን ከምገዛ ሌሊት ልግዛ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ሒሳቡን ሠርታችሁታል?

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በየሌሊቱ 10 ብር ያወጣል እንበል። በወር 300 ብር፣ በዓመት 3,650 ብር ነው። «ይህችማ ምን አላት» ትሉ ይሆናል። ጊዜውን ደግሞ ቁጠሩት። በየሌሊቱ 2 ሰዓት ከእንቅልፍ ላይ ከተወሰደ፣ በዓመት 730 ሰዓት ይሆናል። ይህ 30 ቀን ሙሉ፣ ሌቱም ቀኑም ተደምሮ ነው። አንድ ወር! ርካሽ የተባለው ጥቅል ከዓመቱ ላይ አንድ ወር ወሰደ ማለት ነው። አሁንስ ረከሰ?

ሰውነታችሁ ምን ይላል?

ሲመሽና ሲጨልም አንጎላችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይለቅቃል። «መሽቷል፣ ተዘጋጅ» የሚል መልእክተኛ ነው። የስልኩ ብርሃን ይህን መልእክተኛ ያዘገየዋል። ቦስተን ከተማ ተደርጎ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ 12 ሰዎች ከመኝታ በፊት ለሰዓታት አንዳንዴ በወረቀት መጽሐፍ፣ አንዳንዴ ብርሃን በሚሰጥ መሣሪያ እንዲያነቡ ተደረገ። በመሣሪያው ሲያነቡ እንቅልፍ የወሰዳቸው ዘግይቶ ነው፤ የሰውነታቸው ሰዓት ወደ ኋላ ተጎትቶ ተገኘ፤ ጠዋትም ድካም ተሰማቸው። እነዚህ መጽሐፍ ነው ያነበቡት! በሌሊት ጠብና ስድብ፣ ሐሜትና አስፈሪ ወሬ የሚያይ ሰውማ ልቡ እየደለቀ እንዴት ይተኛል?

የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል ይላሉ። ቀን የተጠና ነገር አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንግዲህ ያ ተማሪያችን ያጠናትን ትንሽ ነገር ራሱ ማስቀመጫ እየነሣት ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የትምህርት ሚኒስቴር ተናግሯል። ይህን ሁሉ ስልክ አመጣው አንልም፤ ስንት ችግር አለ። ግን በዚህች ጠባብ በር ማለፍ የሚፈልግ ልጅ እንቅልፉን ጥሎ ምን ይዞ ሊገባ ነው?

ስለ ሹፌሩም እናውራ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል መሆኑን አሳይቷል። አረቄ ሳይቀምሱ ሞቅታ! የኛ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት ሲነሣ የተኛው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከኋላው ግን ሕፃን ያዘለች እናት ተሳፍራለች።

ሳንቲም የማያስወጣ መላ

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። አዲስ ስልክ ግዙ፣ ልዩ መነጽር ግዙ የሚል ምክር የለንም። እንዲያውም ገንዘብ የሚያተርፍ ነው።

አንደኛ፣ በረካውን ራሳችሁ ቅዱ። ሰዓት ቁረጡ። ለምሳሌ ማታ 3 ሰዓት ላይ ዳታ ይዘጋል፣ አለቀ። «ቪዲዮው ሲያልቅ» ብላችሁ አትቅጠሩ፤ እሱ አያልቅምና። ሰዓቱን ለቤተሰቡ ተናገሩ፤ ሰው የሰማው ቃል ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ የሌሊት ጥቅል አትግዙ። የቀን ግዙ፣ አነስ ያለ ግዙ፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ። የዱሮውን ባለ ሱቅ እናንተው ሁኑ።

ሦስተኛ፣ ስልኩ የሚያድርበት ቦታ ይኑረው። ሁለት ክፍል ያለው ሌላኛው ክፍል ያሳድረው። አንድ ክፍል ያለው ደግሞ በሩ አጠገብ ምስማር መትቶ በከረጢት ይስቀለው፣ ወይም እንቅብ ውስጥ ይክተተው። ቁም ነገሩ፣ ለማንሣት ከብርድ ልብስ መውጣት ግድ ይሁን። በጎጃም ደጋ ብርድ ማን ይነሣል?

አራተኛ፣ «ለመቀስቀሻ ነው የማቅፈው» የሚለውን ሰበብ ቁረጡ። የሚደውል ስልክ ከሩቅም ይሰማል፤ እንዲያውም ለማጥፋት መነሣት ግድ ስለሚሆን በደንብ ያነቃል። ቤት ውስጥ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ካለ እሱ ይደውል። ከዚህ ሁሉ ዶሮም አለ!

አምስተኛ፣ ስልኩን አሰልቺ አድርጉት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፌስቡክን፣ የቲክቶክን፣ የቴሌግራምን ማሳወቂያ ዝጉ። ዩቲዩብ በራሱ እንዳይቀጥል አድርጉ። ብዙ ስልኮች ላይ ማታ ማታ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ ነገር አለ። ቀለሙ የጠፋ ቲክቶክ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

ስድስተኛ፣ ባዶ እጃችሁን አትተኙ። ስልክ የያዘ እጅ ባዶ ሲሆን ይበላል። ልጆች ካሉ እንቆቅልሽ፣ ተረት። ከሌሉ ሬዲዮ፣ መጽሐፍ፣ ጸሎት፣ የቤት ወሬ። አንዳንድ ባልና ሚስት እርስ በርስ ካወሩ ዓመት ሞልቷቸዋል!

ለሦስቱ ባለ ጉዳዮች

ልጃችን፣ የሒሳቡን ቪዲዮ ቀን አውርደው። ማታ ዳታ ዘግተህ እየው። ዳታ ከተዘጋ ቀልደኛው ከየት ይመጣል? አብሮህ ከሚኖረው ጓደኛህ ጋር ደግሞ ስልክ ተቀያየሩ፤ የሱን አንተ፣ ያንተን እሱ ይያዝ። የይለፍ ቁጥሩን ግን አትንገሩ!

ወንድማችን ሹፌሩ፣ «የራሴ ጊዜ» ያልከው ልክ ነው፣ ይገባሃል። ግን ከእንቅልፍህ ላይ አትስረቀው። ባጃጁን አቁመህ ቤት ሳትገባ ግማሽ ሰዓት ያንተ ትሁን። ለባለቤትህም ንገራት፤ «ይህቺን ግማሽ ሰዓት ተዪልኝ፣ ማታ ስልክ አልነካም» በላት። ይህን ውል እምቢ የምትል ሚስት ያለች አይመስለንም።

እናታችን፣ እርስዎ ስልኩን አይዝጉ እንጂ ዳታውን ይዝጉት። ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፤ «ጊዜ ስታገኚ በኢሞ ከመደወልሽ በፊት በተራው መስመር ሚስድ ኮል አድርጊልኝ።» ካላነሡት ገንዘብ አይቆጥርባትም። ያቺ ሚስድ ኮል ትቀሰቅስዎታለች፣ ዳታ ከፍተው ያገኟታል። ከተቻለም ሳምንት አንድ ቀን ቁረጡ። እስከዚያው ይተኙ እማማ፤ ልጅዎም ቢሆን እናቷ እንቅልፍ አጥተው ሲታመሙ ማየት አትፈልግም።

«አገሩ ሰላም ሳይሆን እንዴት ስልክ ይዘጋል?»

ይህን የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ እውነት አለው። በአማራ ክልል በዚህ ዘመን ሌሊት ስልክ የሚከፈተው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ዘመድ ደህና አደረ ወይ፣ መንገዱ ተከፈተ ወይ የሚል ሐሳብ አለ። ለዚህ ነው ዳታና ስልክን መለየት ያለባችሁ። ዳታ ተዘጋ ማለት ስልክ ተዘጋ ማለት አይደለም። ጎረቤት ቢቸግረው ይደውላል፣ ስልኩም ይጮኻል። የሚቀረው የወሬው ጎርፍ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነበበ ያልተጣራ ወሬ ማንንም አያድንም፤ አንባቢውን ግን ያሳምመዋል። ባትሪውም ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ ያስፈልጋል።

ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ገደማ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሰው እንቅልፉን አገኘ? የለም! ስጋቱና ናፍቆቱ እንቅልፍ ነሣው እንጂ። ሌላ ሰው የዘጋው ዳታ ዕረፍት አይሆንም። ራስህ የዘጋኸው ግን በፈለግህ ጊዜ ስለምትከፍተው ልብህ ያርፋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወር ሙሉ አላልንም። ሰባት ሌሊት ብቻ ሞክሩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች እጅ ይቁነጠነጣል፤ አትደንግጡ። በስምንተኛው ቀን ሁለት ነገር ቁጠሩ፤ ኪሳችሁ ውስጥ የቀረውን ብርና ጠዋት ስትነሡ ያለውን ጉልበት። ካልተሻላችሁ የሌሊቱ ጥቅል የትም አይሄድም፣ እዚያው ይጠብቃችኋል። ከተሻላችሁ ደግሞ ለጎረቤት ንገሩ።

በሉ፣ ቸር እንሰንብት። ደህና እደሩ!